ቀይ የተቀባው ጫፍ

ሚስማር የሚለውን ስም ያወጣላት ታላቅ ወንድሟ ነው። ቀጭን ስለሆነች መስሏት ስትሽኮረመም፣ «ቅጥነትሽ አይደለም፤ አንዴ የተሰካሽበት ቦታ ያለ ጉጠት ስለማትነቀይ ነው» አላት። አልዋሸም። ትምህርት ቤት ሳለች እርሳሷን የሰበረባትን ልጅ ዓመቱን ሙሉ በዝምታ ጠብቃ፣ ካርድ የሚሰጥበት ቀን ሲደርስ የሁለት ጫማዎቹን ማሰሪያ አንድ ላይ ቋጥራ በወላጆቹ ፊት በአፍ ጢሙ ደፍታዋለች። የእሷም ትምህርት እዚያው ስድስተኛ ክፍል ላይ አበቃ። በዚያ ምክንያት አይደለም፤ ግን በዚያ ምክንያት ነው ብላ ማውራት ደስ ይላታል።

አሁን የተሰካችው አጎቷ ላይ ነው። አራት ወር ሆናት።

አጎትየው የሟች አባቷ ታናሽ ወንድም ሲሆን ሰው ሁሉ «ሻምፒዮን» ይለዋል። ስሙን ያገኘው በወጣትነቱ አንድ የመኪና ውድድር ላይ ሦስተኛ ወጥቶ ነው። የተወዳደሩት አራት ነበሩ፤ የአራተኛው መኪና አልነሳም ብሎ መነሻው ላይ ቀርቷል። ሻምፒዮን ታሪኩን ሲያወራ ግን ይህችን ክፍል ይዘላታል።

የቤተሰቡ ጋራዥ የእሽቅድድም መኪና ሻንሲ ይሠራል። ቱቦ ብረት እየቆረጡ፣ እያጎበጡ፣ እየበየዱ የወፍ ጎጆ የመሰለ አጥንት ያቆማሉ፤ ሞተርና ጎማ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አባትየው በሕይወት ሳለ በያጁ እሱ፣ ቱቦ ቆራጩ ሻምፒዮን ነበር። ሚስቱን አስተማራት፤ በሁለት ዓመት ውስጥ በለጠችው፤ እሱም ሳያፍር «እሷ ትበይደው» ማለት ጀመረ። ከሞተም በኋላ እናትየው ጭንብሏን አጥልቃ ቀጠለች። ልጇ ደግሞ የበየደችውን ይነዳል። ከዚህ ጋራዥ የወጣ መኪና ሲገለበጥ ሹፌሩ አቧራውን አራግፎ ይወጣ ነበር።

እስከዚያች ቀን ድረስ። ሦስተኛው ኩርባ ላይ የወንድሟ መኪና ሁለቴ ተንከባለለና የግራ እግሩ ያለበት በኩል ታጠፈ። እግሩን ለማውጣት ብረቱን መቁረጥ ግድ ሆነ። ገና ቃሬዛው ላይ እያለ፣ ተመልካቹ፣ ሹፌሮቹና የውድድሩ ተቆጣጣሪ እንደከበቡት፣ ሻምፒዮን ድምፁን ከፍ አድርጎ እንዲህ አለ፦

«ብየዳው ነው የለቀቀው። የእናትየው ብየዳ የልጁን እግር በላው!»

ማንም ምንም አልጠየቀው። እናትየው እዚያው ቆማ ነበር። በማግስቱ ጭንብሏን ጋራዡ ግድግዳ ላይ ሰቅላ ቤት ገባች። ከዚያ ወዲህ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ እጆቿን እያገላበጠች ታያለች። «እማ፣ አንቺ አይደለሽም» ሲላት ልጇ፣ «አንተ ምን ታውቃለህ፣ ራስህን ስተህ ነበር» ትለዋለች። «እጄ ነው። እጄ ከድቶኝ ነው።»

ሚስማር የፈለገችው ሁለት ነገር ብቻ ነው። ጭንብሉ ከግድግዳው እንዲወርድ፤ አጎቷ ደግሞ ያንን ዓረፍተ ነገር በተናገረበት ቦታ፣ በሰሙት ሰዎች ፊት፣ መልሶ እንዲውጠው። ሳያላምጥ።

ረቡዕ ጠዋት ሻምፒዮን ጠራት። አዲሱን መኪና ሠርቶ ጨርሷል፤ ቱቦውን የቆረጠው ራሱ፣ የበየደለትም ከሌላ ጋራዥ የመጣ ሰው ነው። ሰማያዊ ቀለም ለብሶ መሀል ጋራዡ ላይ ያብለጨልጫል። ቅዳሜ ውድድሩ ላይ የሚነዳውም ራሱ ነው። «ልጅ ሲሰብር አዋቂ ይረከባል» እያለ ከተማውን አዳርሷል።

«አንቺ ሚስማር! ከኋላ ያለውን የወንድምሽን መኪና ስብርባሪ ሸራውን ግለጪና የሚጠቅም ብሎን ካለው ፍቺ። ከዚያ ይጣላል፤ ዓይኔ ማየት ሰልችቶታል።»

«እሺ ጋሼ።»

ሸራውን አራት ወር ሙሉ የነካው ሰው አልነበረም። ሚስማር ሥሩ ገብታ በጀርባዋ ተኛች። ቁልፏን ይዛ የሹፌሩን ግራ እግር ወደሚጠብቀው ዘንግ ስትደርስ እጇ ቆመ።

የእናቷን ብየዳ ከሺህ መሀል ትለየዋለች፤ ሳንቲሞች አንዱ ባንዱ ላይ የተኙ ይመስላል። እነዚያ ሳንቲሞች እንደተደረደሩ ነበሩ። አንዲት ስንጥቅ የለችባቸውም። ከብየዳው አንድ መዳፍ ያህል ራቅ ብሎ ግን ቱቦው ራሱ የመጠጥ ቀሰም እንደሚታጠፍ ለሁለት ታጥፏል።

«እንዴ» አለች ለራሷ። ከዚያ የእናቷን እጆች መስኮቱ ሥር ሲገላበጡ አሰበችና ደሟ ፈላ።

ብረት ላይ ግን በንዴት አይፈረድም። ያንን ያስተማረቻት እናቷ ናት። የሹፌሩን አካል የሚጠብቁት ዘንጎች ክሮሞሊ ከሚባለው፣ ቀጭን ሆኖ ጠንካራ ከሆነው ብረት ነው የሚሠሩት። ተራው ብረት ቀለም ከተቀባ መልኩ ያው ነው፤ ክብደቱም ያው፤ ውፍረቱም ያው ሊሆን ይችላል። መለየት ለሚፈልግ ሰው ትንሽ ትዕግሥት ያስፈልገዋል።

መጀመሪያ ማግኔት አወጣች። ጥብቅ አለ። ማግኔት ግን ከሁለቱም ጋር ይጣበቃል፤ እንደ አጎቷ አጨብጫቢዎች ምርጫ የለውም። ቀጥላ ሞረድ አነሳች። የቀኙን እግር ዘንግ ሞረደች፤ ሞረዱ ተንሸራተተ፣ ጥርስ እንደማፋጨት ያለ ድምፅ አሰማ። የግራውን ሞረደች፤ ሞረዱ ሳሙና እንዳገኘ ቢላ ሰመጠ።

ምሳ ሰዓትን ጠበቀች።

ሻምፒዮን ምሳ ሊበላ እንደወጣ ወንድሟ በሁለት ክራንች እየተንቋቋ መጣ።

«ደህና ዋልክ፣ ባለ አራት እግር?» አለችው።

«አንቺ ሁለት ይዘሽ የት ደረስሽ?»

«በሩ ላይ ቁምና ጋሼ ሲመጣ አስልልኝ።»

ከመደርደሪያው ላይኛ ክፍል የእናቷን የቆርቆሮ ሣጥን አወረደች። ውስጡ የጣት ርዝመት ያላቸው ብረቶች አሉ፤ እያንዳንዱ ምን እንደሆነ ጎኑ ላይ ተቀርጿል። እናትየው «ምስክሮቹ» ትላቸዋለች። ያልታወቀ ብረት ሲመጣ ግራይንደር በሚሉት ተሽከርካሪ ድንጋይ ላይ አስነክታ፣ የሚወጣውን የእሳት ፍንጣሪ ከምስክሮቹ ፍንጣሪ ጋር ታስተያያለች። ዓይኗ የማይሳሳት ቢሆንም ምስክር ሳትጠራ ፈርዳ አታውቅም።

ሚስማር ሸራውን እንደ ድንኳን ወጥራ ጥላ ሠራች፤ ፍንጣሪ በፀሐይ አይነበብም። የግራይንደሩንም ድንጋይ አደሰችው፤ የሌላ ብረት ቅሪት ካለበት ውሸት ይናገራል። በመጀመሪያ የክሮሞሊውን ምስክር አስነካች። ፍንጣሪው አጠር፣ ወደ ብርቱካን ደፈን ያለ፣ ከድንጋዩ ሳይርቅ የሚሰነጣጠቅ ሆነ፤ የእያንዳንዱም መስመር ጫፍ ተገንጥሎ እንደ ትንሽ ጦር ብቻውን ይበራል። ቀጥላ የተራውን ምስክር አስነካች። ረጅም፣ ገለባ የመሰለ ቢጫ፣ ቀጥ ያለ፣ ጦር የሌለው።

ከዚያ ግራይንደሩን ወደ ታጠፈው ዘንግ ወሰደች።

ረጅም። ቢጫ። ቀጥ ያለ።

ወንድሟ በሩን ረስቶ አጠገቧ ቆሟል። «ተራ ነው» አለ በቀስታ። «በተራ ብረት ላይ አስቀምጦ ነው የላከኝ።» ከዚያ ፊቱ በራ። «ነይ! አሁኑኑ ለእማ እንንገራት!»

«ቅዳሜ።»

«ለምን ቅዳሜ?»

«ብየዳው ለቀቀ ያለው በሹክሹክታ ነው እንዴ? ሰው ሰብስቦ ነው የተናገረው። ሰው ተሰብስቦ ይሰማ።»

ወንድሟ አሰበ። እሱም ቅዱስ አልነበረም። «ቅዳሜ» ብሎ ተስማማና እየተንቋቋ ሄደ።

ሚስማር ብቻዋን ስትቀር ሌላ ጥያቄ መጣባት። ተራው ቱቦ እንዴት ከጠንካራዎቹ ተቀላቀለ? የእናቷ ሕግ ቀላል ነበር። ቱቦ እንደገባ ክሮሞሊው ጫፉን ቀይ፣ ተራው ነጭ ይቀባል። ሲቆረጥ ሁልጊዜ ካልተቀባው በኩል ነው፤ የተረፈችው ስንዝር እንኳን ቀለሟን ይዛ ወደ መደርደሪያ ትመለሳለች።

ሚስማር የመጋዙን ማሽን አየችና ቆማ ቀረች። አጎቷ ግራኝ ነው። ሁልጊዜ ከማሽኑ ማዶ ነው የሚቆመው፤ ቱቦውንም ገልብጦ ያስገባል። ቀለም ያለበት ጫፍ ነው ቀድሞ የሚቆረጠው። የተረፈው መላጣውን ወደ መደርደሪያ ይመለሳል፤ ቀዩም ነጩም አንድ ላይ መላጣ። ከዚያስ?

መደርደሪያው ላይ ግን መላጣ ቱቦ አልነበረም። ሁሉም ቀይ ነው። አንዱን ስባ አፉ ውስጥ በእጅ ባትሪ አበራች። የውስጡ ግድግዳ ላይ ቀይ ጉም አለ። እናቷ በብሩሽ ነው የምትቀባው፤ ከመቀባቷም በፊት የቱቦውን አፍ በጨርቅ ትወትፋለች። ይሄ የተነፋ ቀለም ነው። አጎቷ መላጣ ቱቦዎች ሲያይ አለመመርመሩ ብቻ ሳይሆን፣ ቀይ ስፕሬይ ይዞ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ክሮሞሊ አድርጓቸዋል።

ሆን ብሎ አይደለም። ሰነፍ ነው። ከስንፍናውም በላይ የገዛ ጥፋቱ ምን እንደሆነ ሳያጣራ እናቷ ጫንቃ ላይ ጥሎታል። ይህ ሚስማርን ይበልጥ አንገበገባት። ክፉ ሰው ቢያንስ ለክፋቱ ይደክማል።

ከመጋዙ ሥር ከአዲሱ መኪና የተረፉ ቁርጥራጮች ነበሩ። አጎቷ የየትኛው ዘንግ እንደሆኑ በጠመኔ ጽፎባቸዋል። «ግራ እግር» የሚለውን አንስታ አስነካች።

ረጅም። ቢጫ። ቀጥ ያለ።

ቀና ብላ ሰማያዊውን መኪና አየችው። አጎቷ ቅዳሜ የሚቀመጥበት መኪና። ቁርጥራጩን ኪሷ ከተተችና ለማንም፣ ለወንድሟም እንኳ፣ ሳትናገር የሆዷን በሆዷ አደረገች።

ሐሙስ ልምምድ ነበር።

ሚስማር የውድድር ሜዳው አጥር ላይ ተቀምጣ እግሮቿን ታወዛውዛለች። ሰማያዊው መኪና አቧራውን እያቦነነ ይዞራል። ሦስተኛው ኩርባ ላይ በደረሰ ቁጥር ትንፋሿን ትይዛለች። አንድ ዙር። ሁለት። ከአጥሩ ወርዳ እጇን ብታውለበልብ ይቆማል፤ ታውቃለች። አላውለበለበችም። እንዲሞት አልፈለገችም። እግሩን ብቻ። የግራውን ብቻ። ሦስት። አራት። አምስተኛው ላይ የኋላ ጎማው ሲንሸራተት እጇ አጥሩን ጨምድዶ ያዘ፤ ፈርታ ይሁን ተስፋ አድርጋ ራሷም አልለየችውም። መኪናው ተስተካከለና አለፈ፤ ስድስት ዙርም ጨመረ።

ሻምፒዮን ወርዶ ቀይ መስመር ያለበትን የራስ ቁሩን አወለቀ። ላቡ ይንቆረቆራል።

«ሚስማር! ውሃ አምጪልኝ!»

አመጣችለት። ጠጣና አፉን ጠረገ።

«አየሽ አይደል? ያለ እናትሽ ብየዳ እንዴት እንደሚታጠፍ ኩርባው! ንገሪያት፤ እጇ ብየዳ ካቃተው መጥረጊያ መያዝ አያቅተውም። ጋራዡ ቆሽሿል።»

«እነግራታለሁ፣ ጋሼ» አለች። ጠብታ ጥርጣሬ ኖሯት ከነበረ እዚያው ተነነች።

ቅዳሜ ጠዋት ወንድሟ ከቤት ሲወጣ አንደኛው ክራንች ጠፋበት። ሲራገም፣ ሲፈልግ፣ በመጨረሻ በአንድ ክራንችና በሚስማር ትከሻ ተደግፎ ሜዳው ደረሰ። ክራንቹ ሚስማር አልጋ ሥር ነበር። ለእናቷ ደግሞ በጎረቤት በኩል፣ «ልጅሽ ክራንቹን ረስቶ ሄዷል፤ አልጋ ሥር ፈልገሽ ቶሎ አምጪለት» የሚል መልእክት ልካለች። እናትየው ለሌላ ለምንም ነገር ወደዚያ ሜዳ እንደማትመጣ ታውቃለች።

«ወንድምዬ፣ ዛሬ ተቃውሞ ታስመዘግባለህ» አለችው መንገድ ላይ።

«በምን ላይ?»

«በሰማያዊው ላይ።»

ቆመና አያት። «ሰማያዊውም?»

«እሱም።»

ሌላ ነገር ሊጠይቃት አፉን ከፈተ፤ ግን ደርሰው ነበር።

የውድድሩ ተቆጣጣሪ አንገቱ ላይ የውፍረት መለኪያ ካሊፐር ያንጠለጠለ ሽማግሌ ነው። ጋሽ ሚሊ ይሉታል፤ ከሚሊሜትር ውጪ የሚያምነው ነገር ስለሌለ። መኪናዎቹ በተርታ ቆመዋል፤ ሹፌሩና ተመልካቹ ከብበዋል። ጋሽ ሚሊ ለምርመራ በተበሳችው ቀዳዳ የሰማያዊውን መኪና ዘንግ ውፍረት ለካ።

«ሁለት ሚሊ። ለክሮሞሊ ይበቃል። ተራ ቢሆን ሦስት ነበር የምንጠይቀው። ያልፋል።»

«ጋሽ ሚሊ፣ ተቃውሞ አለ» አለች ሚስማር።

«የማን?»

«የእኔ» አለ ወንድሟ በአንድ ክራንች እየተወዛወዘ፤ እህቱን በጎን አያትና፣ «ነው መሰለኝ» ብሎ ጨመረ። ሰዉ ሳቀ።

«በምኑ ላይ?»

«በብረቱ ዓይነት።»

ሻምፒዮን ከሁሉም በላይ ሳቀ። «እንዴ! ትምህርቷን ሳትጨርስ የቀረች ልጅ ብረት ልታስተምረኝ ነው?»

«ኧረ እኔ ምን አውቄ፣ ጋሼ። ብረቱ ራሱ ይናገራል።» ከጆንያዋ የቆርቆሮ ሣጥኑን አውጥታ አንቋቋችው። «ምስክሮቹን ይዤ መጥቻለሁ። ካልፈራህ።»

«እኔ? እፈራለሁ?»

«አይ፣ ምናልባት እጅህ ይንቀጠቀጥ ይሆናል ብዬ ነው። ዕድሜም አለ።»

ሰዉ እንደገና ሳቀ፤ አሁን ግን የሳቁ አቅጣጫ ተቀይሯል። ጋሽ ሚሊ ጉሮሮውን ጠረገ። «ደንቡ ግልጽ ነው። ተቃውሞ ከተነሳ ቀለሙን የሚፍቀው ባለ መኪናው በገዛ እጁ ነው። እምቢ ካለ መኪናውን ይዞ ወደ ቤቱ።»

«አምጡ ግራይንደሩን!» አለ ሻምፒዮን።

ሚስማርን የጣፈጣት ይሄ ነበር። አጎቷ አይዋሽም። ከልቡ ክሮሞሊ ነው ብሎ ያምናል። እየሳቀ፣ እጅጌውን እየሰበሰበ፣ በግራ እጁ ግራይንደሩን አስነስቶ በገዛ እግሩ ወደ ወጥመዱ ይሄዳል። እሷ ደግሞ ይዛው የመጣችውን ሸራ ለጥላ ወጥራ ያዘችለት፤ እንደ ጥሩ የወንድም ልጅ።

የክሮሞሊውን ምስክር አስነካ፤ አጠር ያለ፣ ብርቱካንማ፣ ጫፉ ጦር። «እህ!» አለ ለሰዉ። የተራውን አስነካ፤ ረጅም፣ ቢጫ፣ ቀጥ ያለ። «እሺ!» ቀጥሎ የሰማያዊውን መኪና የግራ እግር ዘንግ ቀለም ፈቆ ድንጋዩን አሳረፈ።

ፍንጣሪው ረጅም ሆኖ ወጣ። ቢጫ። ቀጥ ያለ።

ሻምፒዮን ጠበቅ አድርጎ ተጫነ። ያው ነው። ቦታ ቀየረ። ያው። ድንጋዩን አጽድቶ እንደገና ሞከረ። የጋራዥ ልጅ አይደለም እንዴ፤ ምን እንደሚያይ ያውቃል። ፈገግታው ግን ውረድ የሚለው ሰው አጥቶ ፊቱ ላይ ቀርቷል።

«ማን ያነባል?» አለ ጋሽ ሚሊ። «እኔ ካሊፐር ነው የማውቀው። ፍንጣሪ የምታነብ ሰው እዚህ ሜዳ ላይ አንዲት ነበረች።»

«ተራ ብረት ነው።»

ድምፁ ከኋላ መጣ። ሰዉ ዞረ። እናትየው አንድ ክራንች እንደ ጠመንጃ ታቅፋ ቆማለች። በአራት ወር ውስጥ ስለ ብረት የተናገረችው የመጀመሪያ ቃል ነው። ወደ ፊት መጣች፤ ዓይኗ ከፍንጣሪው አልተነቀለም። «ጦር የለውም። ተራ ነው። በዚህ ላይ ማንን ልታስቀምጡ ነው?»

«ሻጩ ነው!» አለ ሻምፒዮን። «ሻጩ አታሎኝ ነው፣ እታለም!»

«ሻጩ በስፕሬይ ነው የሚቀባው?» አለች ሚስማር። ከጆንያው የመደርደሪያውን ቱቦ አውጥታ ለጋሽ ሚሊ በባትሪ አበራችለት። «አፉ ውስጥ ይመልከቱ። ቀይ ጉም። እማ ስትቀባ በብሩሽ ነው፤ አፉንም ትወትፋለች። እኛ ጋ ቀይ ስፕሬይ ያለው አንድ ሰው ነው። ጋሼ፣ የራስ ቁርህን መስመር በምን ነበር የቀባኸው?»

ሰዉ ሁሉ የራስ ቁሩን አየ። ሻምፒዮንም ሳያስበው ከጀርባው ሊደብቀው ሞከረ። ከየትኛውም ምስክር ይልቅ ያቺ እንቅስቃሴው ፈረደችበት።

ሚስማር አልጨረሰችም። ከጆንያው የመጨረሻውን ዕቃ አወጣች፤ ከስብርባሪው ቆርጣ ያመጣችውን መጋጠሚያ። ለጋሽ ሚሊ አልሰጠችውም። ለእናቷ ሰጠቻት።

እናትየው ክራንቹን ጣለችው። በአውራ ጣቷ ሳንቲሞቹን አንድ በአንድ ዳበሰች። ከዚያ የታጠፈውን ቱቦ ነካች። እንደገና ወደ ብየዳው ተመለሰች። አላለቀሰችም፤ ከንፈሯ ብቻ ትንሽ ተንቀሳቀሰ፤ የምትቆጥር ይመስላል።

«አልለቀቀም» አለች።

«አልሰማንም» አለች ሚስማር። «መጀመሪያ የተናገረው ሰው ይድገመው። ጋሼ፣ ያን ቀን የቆምክበት እዚያ ነው። ሂድና ቁም።»

ሻምፒዮን ጋሽ ሚሊን አየ። ጋሽ ሚሊ ካሊፐሩን እየጠራረገ ነበር። ሹፌሮቹን አየ። ቦታ ለቀቁለት። ሄዶ ቆመ።

«ብየዳው… አልለቀቀም።»

ሚስማር እጇን ጆሮዋ ላይ አደረገች። «ጋሽ ሚሊ ዕድሜያቸው ነው፤ አይሰማቸውም።»

«ብየዳው አልለቀቀም! የልጁን እግር የበላው የእኔ ቀለም ነው!»

አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። ጋሽ ሚሊ ሰማያዊውን መኪና ከሰልፉ አስወጣው። ሻምፒዮን በዓመቱ ትልቁ ውድድር ቀን መኪናውን በእጁ እየገፋ፣ ማንም ሳያግዘው፣ በበሩ ወጣ። ጎማው ድንጋይ ሲያገኝ ይቆምና እንደገና ይገፋል። ሚስማር እስከ መጨረሻው አየችው።

ስትዞር እናቷ ፊቷ ቆማለች።

«መቼ አወቅሽ?»

መዋሸት ትችል ነበር። ለአጎቷ ቢሆን ትዋሽ ነበር።

«ረቡዕ።»

«ሐሙስ ነድቷል።»

«ነድቷል።»

«ስንት ዙር?»

«አሥራ አንድ።»

እናትየው ረጅም ጊዜ አየቻት፤ የማታውቀው ብረት እጇ እንደገባ። አልመታቻትም፤ አልሰደበቻትም። መጋጠሚያውን ብብቷ ሥር ከትታ፣ «ሰኞ ጠዋት ጋራዥ ትመጫለሽ» ብቻ አለች።

ሰኞ ጭንብሉ ግድግዳው ላይ አልነበረም። ከእናትየው ራስ ላይ ነበር። ከሥሩ ድምፅ መጣ፦

«መደርደሪያው ላይ ስልሳ አንድ ቱቦ አለ። አንቺ እያንዳንዱን ታስነኪያለሽ። እሱ በብሩሽ ይቀባል። ትይዩ ተቀመጡ። ስልሳ አንዱም ሳያልቅ ማንም አይነሳ።»

ሻምፒዮን በርጩማ ላይ ተቀምጧል፤ ቀይና ነጭ ቀለም ፊቱ ተደርድሯል። ሚስማር ግራይንደሩን አስነሳች። ቀይ የተነፋበት ቱቦ ተራ ሆኖ በተገኘ ቁጥር ድምፁን ከፍ አድርጋ ትቆጥራለች። «አንድ!» ትንሽ ቆይታ፣ «ሁለት!» አጎቷ ነጭ ይቀባል። ዘጠኝ ላይ ሲደርሱ ብሩሹን አየር ላይ አቆመው።

«ሚስማር።»

«አቤት ጋሼ።»

«ሐሙስ… ውሃ ስታመጪልኝ። ታውቂ ነበር?»

ከወዲያ በኩል የብየዳው ድምፅ ቆመ። እናትየው ጭንብሏን አላነሳችም፤ ግን አልቀጠለችም። ሚስማር ግራይንደሩን አጥፍታ አጎቷን ዓይን ዓይኑን አየችው። ከብሩሹ ነጭ ቀለም ጉልበቱ ላይ ጠብ ይላል።

«አውቅ ነበር» አለችው። «ቀዝቃዛ ነበር አይደል ውሃው?»

ግራይንደሩን አስነስታ ቀጣዩን ቱቦ ድንጋዩ ላይ አሳረፈችው።